ባንኩ ከስንተኛ ፎቅ ነው የወደቀው?

ለተከበሩ የቤት ገበያ ማረጋጊያ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤትዎ ሕንፃችንን ለጀመረው ኩባንያና ለኩባንያው ላበደረው ባንክ ሁለተኛውን ዙር የመንግሥት ድጋፍ አጽድቋል። በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት በሕንፃችን መግቢያ፣ ከውኃ ቆጣሪዎቹ በላይ፣ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ነዋሪዎች በደረጃው ላይ ያለ ፈቃድ የገጠሙትን የብረት መደገፊያ በወሩ አሥራ ዘጠነኛ ቀን፣ ማክሰኞ፣ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ እንዲያነሱ ያዛል።

ይህን ካልሁ በኋላ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት ላቅርብ። ጉልበትዎ ይጽና፤ ወገብዎን አይመምዎት፤ መውጫዎም መውረጃዎም የተመቸ ይሁንልዎ። የቢሮዎ ሊፍት በየፎቁ ሲደርስ በለስላሳ የሴት ድምፅ ቁጥሩን እንደሚናገር በአካል መጥቼ ሰምቻለሁ፤ ያ ድምፅ መቼም እንዳይለይዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ የዚህ ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሕንፃው ስድስት ፎቅ አለው፤ የምንኖርበት አርባ ሁለት ቤተሰብ ነን። የቤት ዋጋ በወደቀ በሦስተኛው ወር ኩባንያው ሠራተኞቹን አሰናብቶ፣ የሊፍቱን ጉድጓድ በጣውላ ዘግቶ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ትቶ ሄደ። ግድግዳው ቆሟል፤ ውኃው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል፤ ደረጃውም ኮንክሪቱ ተሞልቶ ደርቋል። ከደረጃው ጎን ግን ምንም አልነበረም። ግድግዳውን በአንድ እጅ እየዳበሱ የሚወጡበት፣ በሌላው በኩል እስከ ምድር ቤት ድረስ ባዶ የሆነ ደረጃ ነው የተውልን። የቤት ኪራይና የቤቱን ክፍያ አንድ ላይ መቻል ሲያቅተን፣ ኩባንያው «በራሳችሁ ኃላፊነት ግቡ» የሚል ወረቀት አስፈርሞን ገባን። ያን ወረቀት ያለምንም ማንገራገር ስላቀረበልን እናመሰግናለን፤ ከዚያ ወዲህ በወቅቱ ያደረሰልን ሌላ ነገር የለም።

ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ቅሬታችንን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ቅሬታችን ከአንድ ቃል ይጀምራል። የመጀመሪያው ዙር ድጋፍ በጸደቀ ዕለት ዜናውን በሬዲዮ የሰሙት አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ናቸው። እማማ ኩላሊታቸው ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ለእጥበት ወደ ክሊኒክ ይሄዳሉ። የሚኖሩት ከልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ጋር ነው፤ ቤቱን የገዛችው እሷ ናት። ከአምስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ዘጠና ደረጃ አለ። የግራ ክንዳቸው የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ስለሆነ ክብደት እንዳይጥሉበት ሐኪሙ ከልክሏል፤ ሲወርዱ ግድግዳው ደግሞ በግራ በኩል ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ልጃቸው ከባዶው በኩል እየቆመች፣ በትከሻዋ እያስደገፈች ታወርዳቸው ነበር። ሁለቱም አይናገሩትም እንጂ ሁለቱም ይፈሩ ነበር።

እንግዲህ እማማ በሬዲዮ የሰሙት «ግንባታቸው ለተጓተተ ሕንፃዎች ድጋፍ ተፈቀደ» የሚል ነው። በራቸውን ከፍተው ወጡና ፎቁን በእልልታ አናጉት። እኔ ቤቴ ፊት ለፊታቸው ስለሆነ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«እሰይ! ድጋፍ ተፈቀደልን! በቀኝ በኩል ይሁን በሏቸው አደራ፣ ግራዬ አይሆንም።»

«እማዬ፣ ያ ድጋፍ አይደለም» አለች ልጃቸው የስፌት መኪናውን አቁማ። «የገንዘብ ድጋፍ ነው። ለባንኩ።»

«ባንኩ ምን ሆነና?»

«ወድቆ ነዋ።»

«ውይ በሞትኩት! ከስንተኛ ፎቅ?»

ክቡር ዳይሬክተር፣ እኛ በዕለቱ ስቀናል። ቆይቶ ግን ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ገባን። ባንኩ ከስንተኛ ፎቅ እንደወደቀ፣ ሲወድቅ በማን ላይ እንዳረፈ፣ አሁን ደግሞ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደወጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እርስዎ በቴሌቪዥን ቀርበው «አንዳንድ ተቋማት በጣም ግዙፍ ከመሆናቸው የተነሣ ቢወድቁ ብዙ ሰው ይዘው ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ልንደግፋቸው ይገባል» ሲሉ በጥሞና አዳምጠናል። አባባልዎን በሚገባ ተረድተነዋል። እማማ አርባ ሰባት ኪሎ ናቸው። ቢወድቁ ይዘዋት የሚወድቁት አንድ ልጃቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ለገበያው መረጋጋት የሚያሰጋ ነገር እንደሌለው እንገነዘባለን።

ሁለተኛ። የእማማ ስሕተት ለኛ መንገድ ከፈተልን። ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ካለ ድጋፍ እንጠይቀው አልን። «ጉዳዩ፦ የደረጃ ድጋፍ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ» የሚል ማመልከቻ በእጄ ጽፌ፣ አርባ ሁለት ፊርማ አስፈርሜ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። በመስኮት ቁጥር አራት ያገኘነው ሠራተኛዎ ትሑት ሰው ነው፤ ይህን የምጽፈው ምስጋና እንዲደርሰው ነው እንጂ እንዲጠየቅበት አይደለም። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበና «የስንተኛ ደረጃ ድጋፍ ነው የጠየቃችሁት?» አለ።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ነዋ ወንድሜ! መሀል ላይ ቢቋረጥ ሰው አይወድቅም?»

«እህቴ፣ እኛ ያለን ሦስት ደረጃ ነው። አንደኛ ደረጃ ለባንክ፣ ሁለተኛ ለአልሚ፣ ሦስተኛ ለግንባታ ዕቃ አቅራቢ።»

«ሦስት ብቻ? ታድላችሁ። እኛ ጋ መቶ ስምንት ነው።»

ሠራተኛዎ ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያ መቶ ስምንት ብሎ በቅፁ ላይ ጻፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በማኅተምዎ ተረጋግጦ የደረሰን መልስ እንዲህ ይላል፦ «አመልካቾች የጠየቁትን የአንድ መቶ ስምንተኛ ደረጃ ድጋፍ ለማግኘት የሚያበቃ ተቋማዊ ቁመና የሌላቸው በመሆኑ ጥያቄያቸውን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን።» መልሱን ለእማማ ሳነብላቸው «ቁመናማ ድሮ ነበረኝ» አሉ። እኔ ደግሞ ከብዙ የመንግሥት ደብዳቤዎች መካከል እንዲህ ቁጥሩ ሳይዛነፍ የተመለሰ አላጋጠመኝምና ለጥንቃቄያችሁ አድናቆቴ የላቀ ነው።

ሦስተኛ። ያ መልስ በደረሰን በሁለተኛው ሳምንት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ደረታቸው ላይ የጋዜጣ ጥቅል አቅፈው ሲወጡ ሚዛን ስተው ከሦስተኛው ፎቅ ወለል ወደ ሁለተኛው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ የወደቁት ከስንተኛ ፎቅ እንደሆነ በትክክል ስለሚታወቅ የእርሳቸው ጉዳይ ከባንኩ ይልቅ ግልጽ ነው።

በማግሥቱ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ብረት በያጅ የኮሚቴውን ስብሰባ አቋርጦ ተነሣ። «እናንተ ደብዳቤውን ቀጥሉ» አለ፤ «እኔ ብረት ልቁረጥ።» ብረት ያለው ሁሉ እንዲያመጣ ተነገረ። ከአንዱ ቤት የአልጋ ፍሬም መጣ፤ ከሌላው የመስኮት ፍርግርግ፤ ልብስ ሰፊዋ የድሮ የስፌት መኪናዋን እግር ሰጠች፤ መምህሩ ከተኙበት ሆነው በልጃቸው እጅ የመጻሕፍት መደርደሪያቸውን ብረት ላኩ። በያጁ በሦስት ቅዳሜ ጨረሰው። ከፍታው በሁሉም ፎቅ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአምስተኛው እስከ ምድር ቤት ግን ከዋናው ብረት በታች ሌላ ሁለተኛ ብረት ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ይህ ለእማማ ቁመት ተለክቶ የተሠራ ነው። ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነው፤ በየቤቱ የተረፈው እሱ ነበርና። ለውበቱ ማንም አይሟገትም።

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘውት ሲወርዱ ሁላችንም በየወለሉ ቆመን ነበር። በቀኝ እጃቸው እያሻሹ ወረዱና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ይቧጥጣል።»

«ነገ እሞርደዋለሁ እማማ።»

«ነገ ነገ ሲል አይደል እንዴ ኩባንያውም የቀረው?»

በያጁ ሞረዱን አምጥቶ እዚያው ሞረደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ማንንም ሳይደገፉ ይወርዳሉ። ልጃቸው ቦርሳቸውን ይዛ ከኋላ ትከተላለች፤ አንዳንዴም ትቀድማቸውና ታች ሆና ትጠብቃቸዋለች። ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ ትንሽ ነገር ይሆናል፤ በአምስተኛ ፎቅ ግን ሁለት ሰው መፍራት አቁሟል።

አራተኛ። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ያሳተማችሁት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ያብለጨልጫል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የኛ ደረጃ ነው። ባለሙያዎችዎ ሕንፃውን ሊገምቱ በመጡ ጊዜ ያነሡት መሆኑን ከሦስቱ ቀለማት ለይተነዋል፤ በዝቅተኛው ብረት ላይ ያረፈችውም እጅ የማን እንደሆነች እናውቃለን። ከሥሩ «በድጋፉ ለአገልግሎት የበቃ ሕንፃ» ይላል። እውነት ነው፤ በድጋፉ ነው ለአገልግሎት የበቃው። በውስጥ ገጽ እንደተመለከተው የደረጃው ሥራ ሙሉ በሙሉ ተጠናቅቋል ተብሎ ነጥብ ስለተሰጠው ኩባንያው ለሁለተኛው ዙር የሚያበቃውን የግንባታ ደረጃ አሟልቶ ተገኝቷል። የአልጋ ፍሬምና የስፌት መኪና እግር አንድን የግንባታ ኩባንያ ከውድቀት ሊያድን እንደሚችል እኛ በበኩላችን አልጠረጠርንም ነበር። በያጁ ሪፖርቱን አይቶ የተናገረውን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ሐሳቡ ባጭሩ፣ ፎቶው ላይ ብየዳው ጥሩ ሆኖ ወጥቷል የሚል ነበር።

አምስተኛ። እንግዲህ ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። ዓርብ ጠዋት ማስታወቂያውን ሊለጥፍ የመጣው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስላየነው ደስ ብሎናል፤ ወፍሯል፤ ሰላም ነው። ሲያስረዳን፣ በጸደቀው ዲዛይን ላይ የደረጃው መደገፊያ መስታወት ነው፤ ብረቱ ከዲዛይን ውጪ ስለሆነ ሕንፃው በዚህ ሁኔታ ለባለቤቶቹ ሊተላለፍ አይችልም፤ ሁለተኛው ድጋፍ የተፈቀደውም ሁሉም ነገር ወደ ዲዛይኑ እንዲመለስ በሚል ግዴታ ነው። ብረቱ እስከ ማክሰኞ ካልተነሣ ርክክቡ ይሰረዛል፤ ቤቶቹም በመያዣነት ወደ ባንኩ ይሄዳሉ።

«መስታወቱ መቼ ይመጣል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ገበያው ሲያገግም።»

«እስከዚያስ ምን እንያዝ?»

«ትዕግሥት ያዙ እንግዲህ። እናንተ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወዳላችሁ።»

እማማ ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ቤት ነበሩ። ከላይ ሆነው፣ ዝቅተኛውን ብረት እንደያዙ፣ «ልጄ፣ ና እስቲ ወደዚህ ውጣ» አሉት። ሊወጣ ሁለት ደረጃ ረግጦ ግራ እጁን ብረቱ ላይ ሲያሳርፍ ሰው ሁሉ አየው። እሱም እንዳየነው አወቀና እጁን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። «ሌላ ቀን እመጣለሁ እማማ» ብሎ ሄደ።

ስድስተኛ። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ ይግባኝና የይግባኝ ማስታወሻ ባስገባን ቁጥር የመዝገብ ቤት ሠራተኞችዎ ወንበር ስላቀረቡልን እናመሰግናለን።

ክቡር ዳይሬክተር፣ እኛ የኢኮኖሚ ዕውቀት የለንም። ገበያ ሲወድቅ መንግሥት እጁን መዘርጋት እንዳለበት ግን ማንም ሳያስረዳን እናምናለን፤ የወደቀ ሰው ሲነሣ ማየት የሚከፋው ጎረቤት በሕንፃችን የለም። የከበደን ሌላ ነው። ባንኩ ያለ ልክ አበደረ፤ ኩባንያው ያልሠራውን ሸጠ፤ ሁለቱም ወደቁና ሁለት ጊዜ ተደገፉ። ለመደገፋቸው የተጠየቁት ቅድመ ግዴታ ቢኖር አንዲት አሮጊት የምትደገፍበትን እንዲነቅሉ ነው። ይህን ውሳኔ ማን እንዳረቀቀው ለማወቅ ሞክሬ ነበር፤ «ከቴክኒክ ክፍል ነው» ተባልኩ። የቴክኒክ ክፍል ሄድኩ፤ «ከሕግ ክፍል ነው» ተባልኩ። የሕግ ክፍል ደግሞ «ዲዛይን ነው» አለኝ። ዲዛይኑን አየሁት። ንጹሕ ነው፤ በዲዛይኑ ላይ የተሳሉት ሰዎች በሙሉ ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም ሊፍት እየጠበቁ ነው።

በሕንፃው ውስጥ ያለንበትን ሁኔታ በግልጽ ላስቀምጥ። ቅዳሜ ዕለት ስብሰባ አድርገን ነበር። ከፊሉ ሰው «ብረቱን እንንቀልና ካርታችንን እንያዝ፤ ቤታችንን ለባንክ ሰጥተን የት ልንገባ ነው?» ይላል። ክፋት አይደለም፤ ልጆች አሏቸው። በያጁ «የገጠምኩትን እኔው አልነቅልም፤ የሚነቅል ሌላ በያጅ ፈልጉ» ብሎ ወጥቷል። ስብሰባው ሲያበቃ እማማ አስጠርተውኝ «ስለኔ ብላችሁ የሰው ቤት እንዳታስወስዱ፤ ንቀሉት» አሉኝ። ልጃቸው ከስፌት መኪናው ሳትነሣ «እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» አለች። እናቷን እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እኔም በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። እስከ አሁን የተስማማንበት ነገር የለም።

ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የይግባኝ ኮሚቴዎ ማክሰኞ ከረፋዱ በአራት ሰዓት እንደሚሰበሰብ ተነግሮናል። መስታወቱ መጥቶ እስኪገጠም ድረስ ብረቱ ባለበት ይቆይ፤ ርክክቡም በዚህ ምክንያት አይሰረዝ። ለዚህ የሚያስፈልገው የእርስዎ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ኩባንያው በበኩሉ ሰዓቱን ለማክበር ተዘጋጅቷል፤ የመቁረጫ መኪናና አራት ሠራተኞች ለአምስት ሰዓት ማዘዙን ዘበኛው ነግሮናል።

ማክሰኞ የእማማ የእጥበት ቀን ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት እንደተለመደው ብረቱን ይዘው ይወርዳሉ። ኮሚቴዎ ሲሰበሰብ ማሽኑ ላይ ተኝተው ይሆናሉ። ከእጥበት ሲመለሱ ሁልጊዜ ይደክማቸዋል፤ በየወለሉ ቆም እያሉ ነው የሚወጡት። ከደረጃው ሥር የሚደርሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ እዚያ ምን እንደሚጠብቃቸው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ለሚሰጡን መልስ፣ መልስ ካልሰጡንም ለሚያበጁልን አዲስ የቀጠሮ ቁጥር፣ በቅድሚያ ከምስጋና ጋር፣ በሁለት ዙር ድጋፍ የጸናው ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ከሁሉ በላይ በሆነ አክብሮት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
አምስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ

ግልባጭ፦
ለይግባኝ ኮሚቴው
ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ
ለባንኩ፣ ካለበት ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ከስብሰባው በፊት ሰኞ ጠዋት ሁለት ባለሙያዎችዎ ያልተፈቀደውን ብረት ርዝመት ሊለኩ እስከ ስድስተኛ ፎቅ እንደሚወጡ በስልክ ተነግሮናል፤ እንኳን ደህና መጡ እንላለን። ሲወጡም ሆነ ሲወርዱ ግን ከዲዛይን ውጪ የሆነውን ነገር በእጃቸው እንዳይነኩ፣ በተለይ ሜትሩን ዘርግተው ወደ ታች ሲያዩ እንዳይደገፉት፣ በጽሑፍ ትእዛዝ እንዲሰጡልን በአክብሮት እናሳስባለን። መምህሩ ወንበራቸውን አውጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማን ስንት ጊዜ እንደያዘ ጽፈው ለማክሰኞው ስብሰባ ያቀርባሉ።